ሦስት እሑድ ከመቅደስ ውጪ

«ቄሱ ሦስት እሑድ ሙሉ መቅደስ ያልገቡት በደህና ነው?»

ሰርካለም የጠየቀችው ሴቶቹን ነበር፤ ዓይኗ ግን የቄሱ ሚስት ወለተሐና ላይ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጠበል ጠዲቅ እየቀመሰ ነበር።

«ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» አለች ወለተሐና።

«እኔ ምን አልኩ! ሰው ነው የሚያወራው።»

አይ ሰው! በዚህ በአንኮበር አገር ቄስ ከመቅደስ ሲርቅ ታሞ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወይ እሱ ማግጧል፣ ወይ ሚስቱ ማግጣለች፣ ቅስናው ፈርሷል ይባላል። ሠላሳ ዓመት በቁርባን የኖረች ሴት ስሟ እንዲህ ይታኘካል።

እውነቱን የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ቄስ ዘርአ ዳዊትን ሽንት በየሰዓቱ ያጣድፋቸዋል። ለቅዳሴ የገባ ካህን ደግሞ እስኪፈጸም አይወጣም። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ሄደው ሲመረመሩ ሐኪሙ አልደበቃቸውም፤ «የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ገና አልተሰራጨም። ሰኞ ተመለሱና ሕክምናውን እንጀምር» አላቸው። ቄሱ ግን ትናንት ቁርጡን ነገሯት። አይሄዱም። ሆስፒታል ሲመላለሱ ከታዩ ነገሩ መውጣቱ አይቀርም፤ ሽንቱን መቋጠር ያቃተው ቄስ ከሚባሉ ሞት ይሻላቸዋል።

ወለተሐና ቀና ስትል ባሏ ከወይራው ሥር ከመሪጌታ ፍሥሐ ጋር ተቀምጠዋል። የእሷ ስም ይጥፋ፣ ግድ የላትም። እሳቸው በእፍረት ይሙቱ? እምቢ!

«ስሚ ሰርካለም፤ እናንተም ስሙ!» ድምፅዋ ወንዶቹ ጋ ደረሰ። «ቄሱ ታመዋል። የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ሽንት ስለሚያጣድፋቸው ቅዳሴ መቆም አልቻሉም። ነውር ነው ካላችሁ ነውሩን ለእኔ ስጡኝ። ሐኪሙ በጊዜ ከታከሙ ይድናሉ እያለ እኔ ባሌን በይሉኝታ አልቀብርም!»

«በሞትኩት!» አለች ሰርካለም አፏን ይዛ።

ቄስ ዘርአ ዳዊት ተነሡ። መቋሚያቸውን ይዘው ማንንም ሳይሰናበቱ ከግቢው ወጡ። ወለተሐና ሮጣ ቁልቁለቱ ላይ ደረሰችባቸው።

«አዋረድሽኝ» አሉ ሳይዞሩ።

«ይቆጡኝ። ከፈለጉ ዓመት ያኩርፉኝ፤ ብቻ በሕይወት ሆነው ያኩርፉኝ። ነገ እንሄዳለን።»

«አልሄድም አልኩሽ!»

«እኔም አልተውዎትም አልኩ!»

ከኋላ መሪጌታ ፍሥሐ እያለከለኩ ደረሱ። ሁለቱ የቆሎ ተማሪ ሆነው አብረው ያደጉ ናቸው። መሪጌታው ግራ ቀኝ አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘርአ ዳዊት፣ እኔንም እኮ ከጀመረኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ያስነሣኛል። ብርድ ነው፣ ብርድ ነው እያልኩ...» አቀረቀሩ።

ቄሱ ጓደኛቸውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ሚስታቸውን ገላመጡ፤ ቁጣው ገና ከፊታቸው አልወረደም።

«የደብረ ብርሃኑ መኪና የሚነሣው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው» አሉ ለመሪጌታው። «መናኸሪያው በር ላይ እንጠብቅሃለን። እንዳትቀር።»