የመምህሩ ሳፋ

ሽማግሌው መምህር ነገ ጠዋት ልጃቸው ወደምትኖርበት ሩቅ ከተማ ሊሄዱ ነው። የሆስፒታሉ የአልትራሳውንድ ክፍል ኃላፊ ዛሬ ያስመጣቻቸውም ለዚሁ ነበር፤ ከመሄዳቸው በፊት አንዴ እንኳ እንዲያስታውሷት። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሁን ግን መርሳት ጠንቶባቸው፣ በር ላይ ሲያዩዋት «እንደምን ዋሉ እመቤት» አሏት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«አይክፋሽ» አለቻት ልትወስዳቸው የመጣችው ልጃቸው። «አባባ እኮ እኔንም እህቴ ነው የሚለኝ።»

ኃላፊዋ ሆድ ይፍጀው ብላ አስገባቻቸው።

መቼም እሷ በተማረችበት ዘመን እንደ እሳቸው ያለ ተንኮለኛ አስተማሪ አልነበረም። ሳፋ ውሃ ይሞሉና ከኪሳቸው ያገኙትን ጥለውበት በፎጣ ይሸፍኑታል። ተማሪ እጁን በፎጣው ሥር አስገብቶ፣ ድምፅ የሚልከውን ፕሮብ ውሃው ላይ እያንሸራተተ፣ ስክሪኑን ብቻ አይቶ ቁልፍ ይሁን ማበጠሪያ መለየት አለበት። «ቅርጹን ንገሩኝ፤ ስሙ የትም አይሄድም» ይሉ ነበር። ተማሪዎቹ የሰው ሆድ ከማየታቸው በፊት ስንቱን የቤት ዕቃ መረመሩ! እሷ ታዲያ በመጀመሪያው ሰሞን፣ ዕቃውን በሌላ እጇ ስትፈልግ የገዛ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አይታ «ማንኪያ!» ብላ ቁጭ። ክፍሉ ሁሉ አውካካባት። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ ዛሬ ግን ያ ሳቅ ይናፍቃታል።

አሁን በዚያው ዓይነት ሳፋ ቁልፍ ከትታ በፎጣ ሸፈነችና ፕሮቡን ሰጠቻቸው። እጃቸው አልረሳም፤ ቀስ ብሎ ዕቃውን አገኘው።

«ራሱ ክብ ነው» አሉ። «ከታች ጥርስ አለው። እ... ምን ነበር...»

ስሙ አልመጣም። ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ኃላፊዋ ቁልፉን አወጣች። ሌላ ዕቃ ፍለጋ አልሄደችም፤ የገዛ ጣቷን በፎጣው ሥር ውሃው ውስጥ ዘረጋች። ስክሪኑ ላይ ቀጭን ደማቅ መስመር ታየ።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው አዩ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ይሄ ማንኪያ አይደለም» አሉ በድሮው ቁጣቸው። «ብረት ቢሆን ከሥሩ የብርሃን ጭራ ይጎትት ነበር። አጥንት ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥላ ብቻ ነው። አንቺ ልጅ፣ ስንቴ ልንገርሽ? ጣትሽን አውጪ።»



«እሺ ጋሼ» አለች ኃላፊዋ። ጣቷን ግን አላወጣችም።