ሰባት ማኅተም ለድንቢጥ

ጡረተኛው መሐንዲስ ሚዞጉቺ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን፣ የቶኩራ ሞተርን፣ የሰማንያ ዓመት ታሪክ ረቂቅ ሲያገላብጥ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባለሦስት ጎማዋ የጭነት መኪና አለች። ገበሬው ሁሉ የገዛት ሰማያዊ ፒክአፕ አለች። ሰሞኑን የወጣችው የኤሌክትሪክ መኪናማ ሁለት ገጽ ይዛለች። ድንቢጥ ግን የለችም። ሰው ገድላ በአሥራ አንድ ወሯ ከገበያ የተሰበሰበችውን ትንሿን መኪና ኩባንያው እንዳልወለዳት ሆኖ አልፏታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት ተኩል ደብዳቤ ጻፈ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ የሚፈራው አለቃ የለም። "የሞቱትስ ሰዎች ታሪክ አይደሉም ወይ?" ይላል በየደብዳቤው። ልክ ነው፤ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የሚያንገበግበው ሌላ ነበር። ድንቢጥን የተቃወምኩ እኔ ብቻ ነኝ እያለ ሃምሳ ዓመት ኖሯል። ሚስቱም ይህንኑ አምናው ሞታለች። በመጽሐፍ ሰፍሮ ሳያይ መሞት አልፈለገም።

በዚያ ኩባንያ ተቃውሞ በአፍ አይነገርም። የአዲስ መኪና ማጽደቂያ ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ ሁሉም ስሙ የተቀረጸበትን ማኅተም ይመታል፤ አልመታም ማለት ነውር ነው። ነገሩ ያልተዋጠለት ሰው ማኅተሙን ገልብጦ ይመታና ስሙ ቁልቁል ይተከላል። አልተስማማሁም፣ መንገድ ግን አልዘጋም እንደማለት ነው። እንግዲህ ጀግንነትም እንደ አገሩ ነው።

ኩባንያው ሲሰለቸው ጠራው። የመጽሐፉ አዘጋጅ ሃታኖ የምትባል ወጣት ሴት ሻይ አቀረበችለት።

"ሚዞጉቺ-ሳን፣ በደብዳቤ ጨረሱን እኮ" አለችው እየሳቀች። "አለቃዬ የእርስዎን ፖስታ ሲያይ የጨጓራ መድኃኒቱን ነው የሚፈልገው።"

"ይዋጠው። የድንቢጥ የፍሬን ቱቦ ከጭስ ማውጫው ጋር ተጠግቶ ነበር የሚያልፈው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ፍሬኑ ይከዳል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይህን ያሳለፈው ኃላፊዬ ኩሮሴ ነው። አጎብዳጅ ነበር።"

"የማጽደቂያ ወረቀቷን መጋዘን ውስጥ አገኘነው። ድንቢጥ ትገባለች፤ ማን ገልብጦ እንደመታም እንጽፋለን።"

ሚዞጉቺ ሻዩን አስቀመጠ። ምነው ሚስቴ ይህን ባየች ብሎ አሰበ።

ሃታኖ ወረቀቱን አዞረችለት። ሰባት ቀይ ማኅተሞች ተደርድረዋል። ስድስቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አንዱ ቁልቁል ተተክሏል። ሚዞጉቺ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ኩሮሴ ይላል።

የራሱ ከጎኑ ነበር፤ ቀጥ ብሎ፣ ቀለሙ እንኳ ሳይፈስ።

ያኔ ትዝ አለው። የዚያን ቀን ኩሮሴ ማኅተሙን ገልብጦ መታና ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋው። "አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ሚስትህም እርጉዝ ናት። ቀጥ አድርገህ ምታ፤ የእኔ ይበቃል" አለው። የሰውየውን ሥራ መቼ የራሱ እንዳደረገው አያውቅም። አፈረ፤ ከማፈሩ በላይ ግን ፈራ።

"የኩሮሴ-ሳን ልጅ እዚሁ ከተማ ናት" አለች ሃታኖ ቀስ ብላ። "አባቷ በዚህች መኪና ሲረገሙ ነው ያደገችው። ዛሬውኑ ልደውልላት?"

"ድንቢጥን ተያት።"

"ምን አሉኝ?"

"ከመጽሐፉ ትውጣ። የቆየ ቁስል መነካካት ለማንም አይበጅም።"

"ልጅቷስ?"

"ሃምሳ ዓመት ሳታውቅ ኖራለች" አለ ሚዞጉቺ።

ሃታኖ ወረቀቱን ወደ ፖስታው መለሰችው። "አለቃዬ ደስ ይለዋል" አለች፤ አሁን አልሳቀችም።