የአብዱልገኒ ሮቶ

ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ደግሞ እንደ ሀብታም ዘመድ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። እንዲህ ባለ ሰፈር ድንች የሚተክል ሰው አብዷል ቢባል ሐሜት አይሆንም። አብዱልገኒ ግን ከብሎኩ ጀርባ ተክሎ ነበር።

ያበደው ለአባቱ ሲል ነው። ወሎ ገጠር ያሉት አባቱ ዝናብ ደጋግሞ ቢከዳቸው መሬታቸውን ጥለው ሊሰደዱ ተነሱ። አብዱልገኒ በስልክ ለምኖ አስቆማቸው፤ ድንች በጥቂት ውሃ እንደሚበቅል አሳያለሁ አለ። አባትም በዓይኔ ካየሁ እቀራለሁ አሉ።

ገርጂ ካለው ሱቁ ሲመለስ ሥራው ይኸው ሆነ። ውሃ የሚያጠራቅምበትን ሮቶ በድንጋይ ከፍ አድርጎ አስቀመጠ፤ ቀጭን ቱቦ በየመደቡ ዘርግቶ በየተክሉ ሥር በሳው፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ፀሐይ እርጥበቱን እንዳትወስድበት አፈሩን ጭድ አለበሰው። ጎረቤቶቹ ድንቹን በጡጦ ያሳድጋል እያሉ ሳቁበት። ይሳቁ! ድንቹ አበበ። ከእንግዲህ ጭንቁ ፍሬው እስኪሞላ ውሃው እንዳይቋረጥ ብቻ ነበር፤ ሮቶውን ማንም እንዳይነካ ሚስቱን ዘኪያን ሳይቀር አስምሏል።

አንድ ማለዳ ሲወጣ የእድሩ ሰዎች መደቡ ላይ ድንኳን ይተክላሉ። ካስማው ቱቦውን በጥሶታል። ሴቶች ከሮቶው ባልዲ ይሞላሉ። ለቅሶ መሆኑ ገብቶታል፤ ለለቅሶ ውሃ እንደማይከለከልም ያውቃል። ግን አባቱን አሰበና ቧንቧውን ዘጋው።

«የማንም ሬሳ ከእኔ ድንች አይበልጥም» አለ።

ዘኪያ በሻርፗ አፏን ሸፍና ፊቷን አዞረች። መርዶ እንዲህ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ገብተው ሊያረዱት እስኪነቃ እየጠበቁ ነበር፤ እሱ ቀደማቸው። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ አሰፋሽ ትከሻውን ያዙት።

«አብዱ ልጄ፣ ለቅሶው ያንተ ነው። አባትህ አርፈዋል።»

ራሱ የተናገረው ቃል ከአባቱ ሞት ብሶ አንገበገበው። ተመልሶ ቧንቧውን በገዛ እጁ ከፈተው። ድንቹን እስከ ቁፋሮ ያደርስ የነበረው ውሃ ረፋድ ላይ አለቀ። አንዱን ተክል ካስማው ነቅሎት ኖሮ አነሳው፤ ከሥሩ የተንጠለጠለው ፍሬ የልጅ ብይ አያክልም። አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠረገለት፤ የሚያሳየው ሰው ግን አልነበረም።