ጳጉሜን የማያውቀው ፕሮግራም

የመምህራን ዝውውር ዝርዝር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊለጠፍ፣ እኔ ቦንጋ፣ ዞኑ ትምህርት መምሪያ ውስጥ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ገና ከኮምፒውተሩ ጋር ግብግብ ይዣለሁ። ባለቤቴ የሺሃረግ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የምታስተምረው ራቅ ያለ ወረዳ፣ ደካ ነው። አምና ሰኔ ላይ ምጥ ይዟት ከደካ ወደ ቦንጋ ስትመጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ የመጀመሪያ ልጃችን እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ዘንድሮ ቦንጋ ካልተዛወረች መስከረም ላይ ተመልሳ እዚያው ልትገባ ነው።

ጣጣው እንዲህ ነው። ለመዛወር እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ሦስት ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። የሺ የተቀጠረችው ጳጉሜን 3 ቀን 2002 ነው፤ ልክ ይሞላላታል። ዝርዝሩን የሚያወጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም! የጻፈው ግዛቸው የሚባል አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ነው። የአሥራ ሦስት ወር አገር ልጅ ሆኖ ከፈረንጅ ኮድ ገልብጦ፣ ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ «ስህተት» ብሎ እንዲመልስ አደረገው። የእጁን ይስጠው። ስለምነው ከርሜ ትናንት ማስተካከያውን በኢሜይል ላከልኝ። ፓች ይሉታል፤ ከኮዱ የትኛው መስመር ወጥቶ የትኛው እንደሚገባ የተጻፈበት ትንሽ ፋይል ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ እሱ ራሱ መስመሩን ፈልጎ ይቀይረዋል። ሲያወሩት ቀላል ነው።

ጻፍኩ። አልተሳካም አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ። አልተሳካም። ይባስ ብሎ መብራት ሄደ። ሃያ ደቂቃ ጨለማውን ስክሪን እያየሁ ስሳደብ ቆየሁ። ሲመጣ ግዛቸው ጋ ደወልኩ።

«ኮዱን በምን ከፍተኸው ታውቃለህ?» አለኝ።

«በኖትፓድ። አምና የቢሮውን ስም ለማስተካከል።»

«በቃ! በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ጨምሮልሃል። ላንተ ያው ነው፣ ለፓቹ ግን ሌላ መስመር ነው። መጀመሪያ አጽዳው፣ ከዚያ ጣፈው።»

የማጽጃውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነገረኝ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሱ «ሰረዝ አልኩህ እኮ፣ ነጥብ አይደለም!» እያለ ይጮህብኛል። አጸዳሁት። ፓቹን ደግሜ ሰጠሁት። መቀየር ያለባቸው ሦስቱም ቦታዎች ላይ ገባ! ጳጉሜን ብዬ ሞከርኩት፤ ዋጠው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በመስኮት ለየሺ አውራ ጣቴን አሳየኋት፤ ሳቀች። ምነው እጄን በሰበረው።

ዝርዝሩን አወጣሁ። የሺሃረግ የለችም።

ደግሜ አወጣሁ። የለችም። የራሷን መረጃ ከፈትኩ። የቅጥር ቀን፣ መስከረም 1 ቀን 2003 ይላል። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዳታው ሲገባ ለየወረዳው ሰርኩላር የበተንኩት እኔ ነኝ። «ሲስተሙ ጳጉሜንን ስለማይቀበል መስከረም 1 ተብሎ ይሞላ» የሚል፣ ከሥሩ ፊርማዬ ያለበት። የሺ ቅጿን እቤት ስትሞላ ጳጉሜን 3 ብላ ጽፋ ነበር። እስክሪብቶውን ተቀብዬ የሰረዝኩት እኔው ነኝ። «ሦስት ቀን ምን አላት?» አልኳት። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚቆጥረው ዓመቱን ከዓመት ቀንሶ ነው፤ በሦስት ቀን አንድ ዓመት በላባት። ፓች የሚጥፈው ኮድን ነው እንጂ እኔ ያበላሸሁትን መረጃ አይደለም። ይሄ እንዴት ጠፋኝ? ጭንቅላቴ የት ነበር?

ኃላፊዬ እትዬ በዛወርቅ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«አሁኑኑ ላርመው፣ እትዬ። ሁለት ሰከንድ ነው።»

«የሚስትህን ብቻ?» አሉኝ። «ሌሎቹስ?»

ፈለግኩ። መስከረም 1 የሚል መቶ አሥራ ሰባት መምህር አለ። የትኛው የእውነት መስከረም፣ የትኛው የእኔ መስከረም እንደሆነ ከዚህ ሆኖ የሚያውቅ የለም።

«ዳታው ተቆልፏል፣ ተስፋሁን። ወረዳው በደብዳቤ ካላረመ እኔም አልነካው፣ አንተም አትነካውም። የቅሬታ ጊዜ አለ።» ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ሦስት ቀን ነው። ደብዳቤውን ከደካ አስመጣ።»

ወጣሁ። የሺ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች።

«ስሜ አለ?»

«የለም» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሰማችኝ።

«አንተ ነህ የሰረዝከው» አለች። «በገዛ እጅህ።» ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የቅጥር ደብዳቤዋን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ። የደካ መኪና ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቆሟል፣ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል አሉኝ። ተራ አስከባሪውን እጁን ይዤ ለመንኩት። ሞተርም ቢሆን፣ የጭነትም ቢሆን ፈልግልኝ አልኩት። ሰውየው አዘነልኝ መሰለኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ እስከ ሐሙስ ይጠገናል» አለኝ። «ሦስት ቀን ምን አላት?»