ቆሽቷ የተቆጣባት ልጅ

ሐኪሙ «የልጅቷ ቆሽት ተቆጥቷል» ሲላት፣ ፀጉር ሠሪዋ አክስት አፏ ላይ የመጣላት «ማን አስቆጣው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ «ቆሽቴን አሳረርሽው» እያለች ሰው ስትቆጣ ኖራ፣ ቆሽት የምር እንደሚታመም ያወቀችው ያን ዕለት ነው። ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ሕመሙ ቀለል ያለ እንደሆነና በጉሉኮስና በማስታገሻ እንደሚረዷት ነገራት።

እናትየው ሥራ ስለነበረባት አስታማሚነቱ በአክስት ላይ ወደቀ። እሷም በሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ዘብ ቆመች። ከዓመታት በፊት የገዛ አባቷ፣ ያኔ የሕመሙን ስም ባታውቀውም፣ በዚሁ ሕመም ተኝተው፣ ውሃ እንኳ ተከልክለው ሲከሱ አይታለች። ስለዚህ በማግስቱ ቁርስ ሲመጣ ትሪውን ከበር መለሰችው።

«ልጄን ልትገድሉብኝ ነው እንዴ?»

ልጅቷ ማስመለሱ ቆሞላት፣ ቁርጠቱም ጋብ ብሎላት ነበር። «አክስቴ፣ ራበኝ» አለች።

«ዝም በይ የኔ ቆንጆ። ሆድሽ ይረፍ።»

«ሆዴ እኮ አርፎ ጨረሰ!»

ብዙም ሳይቆይ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ትሪውን ይዛ ብቅ አለች። ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ ግን በቀላሉ የሚመለስ ዓይነት አይደለም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የአክስትን አባት ታሪክ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ልክ ነዎት እትዬ፤ ድሮ እንደዚያ ነበር የሚደረገው» አለች። «አሁን ግን ሕመሙ ቀለል ያለ ልጅ ማስመለሱ ቆሞለት ከራበው፣ ቶሎ ቢበላ ነው የሚሻለው። አንጀት ሥራ ሲፈታ ይዳከማል። ልጅ ደግሞ ለመዳንም ለማደግም ጉልበት ይፈልጋል።»

«ካመማትስ?»

«ቆም እናደርግና ሐኪሙ ያያታል። በአፏ እምቢ ካላት በአፍንጫ የምትገባ ቀጭን ቱቦ አለች። ዝም ብለን አናስርባትም።»

«ያንቺ ልጅ ብትሆንስ?»

«እስካሁን በልታ ትሪው ተመልሶ ነበር።»

አክስት ሳትወድ በግድ ሳቀች። ማንኪያውን አነሳች። የጋለ የፀጉር ካውያ እንደያዘች ያህል ተጠንቅቃ ሩዝና የተቀቀለ ድንች ታጎርሳት ጀመር።

«አመመሽ?» አለች በየጉርሻው።

«አክስቴ፣ አፌን ሞልተሽው እንዴት ልመልስልሽ?»

ትሪው ሊገባደድ ሲል ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች። አክስት «ነርስ!» ብላ ተነሣች። ልጅቷ ግን አንድ ትልቅ ግሳት አግስታ «ይቅርታ» አለች። ባለሙያዋ በሳቅ ፈረሰች። አክስት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለችና ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ የሳቅ ይሁን የድንጋጤ እሷም አላወቀችውም።

ማታ ትንሽ ቁርጠት መጥቶባት በመድኃኒት ተዋት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ትሪ ተመላሽ አላደረገችም። ከሆስፒታል ሲወጡ አክስት «ከእንግዲህ ቆሽቷን እንዳያስቆጣ ቤታችን ዘይት አይገባም!» ብትል፣ ባለሙያዋ «ቤት የሚበላውን ትብላ፤ ሕመሙ ከተመለሰ ብቻ ቶሎ ያምጧት» አለች።

ልጅቷ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰምታ ኖሮ፣ ገና ደረጃውን ሳይወርዱ ለራት የምትፈልገውን መዘርዘር ጀመረች።