ከሳን ፓብሎ እስከ አርባ ምንጭ

ጋሻው ደውሎ «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፤ ከቻልሽ ቶሎ ነይ» ሲላት፣ ተናኘ ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ መሞታቸው ገባት። የእኛ ሰው መቼ «ሞቱ» ብሎ በስልክ ተናግሮ ያውቃል? እናታቸው ያረፉ ጊዜም ይኸው ወንድሟ «ትንሽ አሟታል» ብሏት፣ መድኃኒትና የሌሊት ልብስ ሸክፋ ብትሄድ የጠበቃት ድንኳን ነበር። አገር ምድሩ ያወቀውን ሞት እሷ የመጨረሻ ሰሚ ሆነች። እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ዘንድሮ ግን አልታለልም አለች። አባባን አገናኘኝ ብትለው፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ደግሞም ተኝተዋል አላት። በንዴት ሳቀች። ያኔም እናቷ «ተኝታ» ነበር።

ልጇ ቤዚ ስልኳ ላይ በረራ ፈለገች። ከሳን ፍራንሲስኮ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ፤ ከነትራንዚቱ አንድ ቀን ከግማሽ ይፈጃል።

«ማም፣ ቱናይት አንድ አለ። ቡክ ላድርግልሽ?»

ቀብሩ እንደሆነ በማግስቱ ነው፤ በምንም ተአምር አትደርስም። አሥራ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር በርራ የአፈር ክምር ለማየት ምን አስቸኮላት?

«ተዪው» አለቻት።

«ባት ታመዋል ነው እኮ ያለው።»

«አንቺ የሀበሻ ነገር አይገባሽም።»

ጋሻው በየቀኑ እየደወለ ተነሳሽ ወይ ይላታል። እሷም ተናዳ፣ ቲኬት ሳትቆርጥ፣ መንገድ ላይ ነኝ ትለዋለች። እሱ ብቻ ነው እንዴ መዋሸት የሚችለው?

ቅዳሜ ዕለት የኦክላንድ ቸርቿ ሰዎች ለለቅሶ ምግብና ውኃ ተሸክመው ሳን ፓብሎ ቤቷ ድረስ መጡ። የአባቷ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። ጥቁር ለብሳ፣ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። መዝሙር ሲጀመር ስልኳ ጮኸና ወደ ኩሽና ይዛው ገባች።

«ተናኝዬ፣ የት ደረስሽ?» አሉ አባቷ።

የኩሽናውን በር በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው።

«ጋሻው መንገድ ላይ ናት ቢለኝ ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ ሰነበትኩ። ዛሬ እንኳ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ብቻ አትዘግዪ፣ ልጄ።»

«መጣሁ አባባ» አለች። ሳሎን ውስጥ ያባቷን ነፍስ የሚያሰናብቱት ሰዎች ገና እየዘመሩ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለቅሶ ደራሾቿን ቤቷ ጥላ ተነሳች። በረራው ላይ፣ ከወንበሯ ፊት ባለው የካርታ ስክሪን ያቺ ሚጢጢ አውሮፕላን ውቅያኖሱ ላይ ተገትራለች፤ አትሄድም። ተናኘ ራሷን ረገመች። ቤዚን ብትሰማ ኖሮ ይኼኔ አጠገባቸው ተቀምጣ እግራቸውን ታሽላቸው ነበር።

አርባ ምንጭ ስትወርድ ጋሻው ጢሙን ሳይላጭ፣ በጥቁር ሸሚዝ ጠበቃት። ሻንጣዋን ተቀበላት እንጂ ዓይኗን አላየም። መኪናውም ሆስፒታሉን አልፎ ወደ ቤት ታጠፈ።

«አባባስ?» አለችው።

«ትንሽ ደክሟቸው ተኝተዋል። መጀመሪያ ገብተሽ እረፊ።»

በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ወንድሟን ለማመን ፈልጋ አታውቅም።

«እሺ» አለች፣ «እንዳልቀሰቅሳቸው ቀስ ብዬ እገባለሁ።»