ሽምግልና በወፍ ፊት

ለትዳር ጥያቄ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድ ሰው ትንሽ መዋሸቱ አይቀርም። እኔም ለጎረቤቴ ልጅ ለጋዲሳ፣ የአቶ ደግፌን ልጅ ሉሲን ልጠይቅ የሄድኩ እሑድ ዋሽቻለሁ። አብረውኝ የሄዱት አቶ ያደሳም ራሳቸውን እየነቀነቁ አግዘውኛል።

አቶ ደግፌ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ኮልፌ ያለው ቤታቸው ጭር እንዳይል ብለው ከሩቅ አገር ደን የመጣች ወፍ ገዝተዋል። ላባዋ አረንጓዴ፣ ግንባሯ ብርቱካንማ፣ ጉሮሮዋ ሰማያዊ ነው። የሰማችውን ድምፅ ሁሉ ትቀዳለች። ያን ዕለት እንኳ የመኪና አላርም ስታሰማን አቶ ያደሳ መኪናቸውን ሊያዩ ብድግ ብለው ነበር።

"ይተዋወቃሉ?" አሉ አቶ ደግፌ። "ከእኔ ተደብቆ ልጄን የሚያነጋግር ከሆነ በከንቱ ደክማችኋል።"

"ኧረ በፍጹም። ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ አይቷት ነው እንጂ" አልኩ።

ይሄኔ ወፏ አጠር አጠር አድርጋ አፏጨችና መጨረሻውን ሳበችው።

"ይቺ ደግሞ አዲስ ናት" አሉ አቶ ደግፌ ደስ ብሏቸው።

ለእሳቸው ነው አዲስ። የጋዲሳ ፉጨት መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሉሲ በአንድ እግሯ ጫማ አድርጋ፣ ነጠላዋን እየጎተተች ከጓዳ ወደ በሩ ስትሮጥ እኛን አየችና ባለችበት ቀረች።

"አይተዋወቁም?" አሉ አባቷ።

ይህን እንዳሉ ያው ፉጨት ከአጥሩ ውጭ ተሰማ። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይጸልያል። ይሄ ጅል ግን በር ላይ ቆሞ ኖሮ፣ ሉሲ የጠራችው መስሎት መለሰ። ወፏም መለሰችለት። እሱም ደገመ። አቶ ያደሳ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ፤ እኔን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አቶ ደግፌ ተነስተው በሩን ከፈቱና ጋዲሳን በክንዱ ይዘው አስገቡት።

"ምን ያህል ብትመላለስ ነው ወፌ እንዲህ የያዘችው?"

ጋዲሳ አንገቱን ደፋ። "እርስዎ ሱቅ ከሄዱ በኋላ፣ በየቀኑ ነው ጋሼ። ዝናብም ቢሆን።"

ጉዳያችን አበቃለት ብዬ ልነሳ ስል የአቶ ደግፌ ዓይን እንባ አቀረረ። ልጃቸውን አዩ፤ ባዶ የሚቀረውን ቤታቸውንም አዩ።

"ውሰዳት" አሉት። "ከወሰድካት በኋላ ግን በዚህ ስታልፍ ማፏጨትህን እንዳትተው። በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ።"